ማንጎውን በምን ላይ አደረቅሽው?

ሰኞ ንጋት፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ

ሰማዩ ገና ሳይገለጥ መናኸሪያ ደረስኩ። የጉና ተራራ ብርድ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ረዳቶቹ «እስቴ! እስቴ! መካነ ኢየሱስ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በዓይኑ ብቻ ወንበር ይፈልጋል። ጣራው ላይ ፍራሽ፣ የሽንኩርት ጆንያና አንድ አዲስ የቆርቆሮ በር ተጭኗል። እኔ መኪና የሚያጥወለውለኝ ሰው ስለሆንኩ ከሾፌሩ ጎን ያለችውን ወንበር ለመያዝ ከሁሉም ቀድሜ ነው የመጣሁት፤ ያዝኳትም። የዚህ ጉዞ የመጀመሪያ ምስጋና ለዚያች ወንበር ይሁንልኝ። ሁለተኛው ለመንገዱ ነው። ሾፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያና ወዲህ ሲጠይቅ ቆየና «ክፍት ነው፣ እንሂድ» ሲል ሁላችንም በአንድ አፍ ተመስገን አልን።

ከከተማ እንደወጣን ሾፌሩ ወሬ ፈለገ።

«ለሥራ ነው ለዘመድ ጥየቃ?»

«ፍራፍሬ እንዴት እንደሚደርቅ ላይ ነው የምሄደው።»

ዞር ብሎ አየኝ። «ይኼ ደግሞ ይታያል እንዴ? ፀሐይ ላይ ጥሎ መተው ነዋ!»

«ጥሎ መተውን ዝንቡም ይወደዋል» አልኩት። ሳቀና ጨዋታችን ደራ።

ለሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። የዚህ ሁሉ ጉዞ ምክንያት ታላቅ እህቴ ወርቄ ናት። ታች ጋይንት አርብ ገበያ ነው የምትኖረው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በየቤቱ ስትዞር ጥርሳቸው ገና በልጅነት የተበላ ሕፃናት ታያለች፤ በየሱቁ ደጃፍ ደግሞ ከረሜላና ባለ ቀለም ብስኩት ተንጠልጥሎ ታያለች። በሌላ በኩል ከቆላ በአህያ የሚመጣው ማንጎ በአንድ ጊዜ ይበስልና ገሚሱ ገበያ ላይ ይበሰብሳል። እህቴ ሁለቱን አገናኘቻቸው። ዓምና በሁዳዴ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ሆና ማንጎ አድርቃ ለመሸጥ ተነሳች፤ ስኳር የሌለው፣ ዘይት ያልነካው፣ ለልጅም ለጿሚም የሚሆን መክሰስ።

የት ታድርቀው? ጾም ገብቷል፤ የጓዳዋ የቋንጣ ገመድ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ጓዳው ጥላ ነው፣ ከመስኮቱ ነፋስ ይገባል፣ ዝንብ የለም። ማንጎውን ልክ እንደ ቋንጣ ዘልዝላ ሰቀለችው። አምሮ ደረቀ። ዓርብ ገበያ ይዛው ስትወጣ የደብሩ አገልጋይ ቄስ ሞላ ቀረብ ብለው አንድ ቁራጭ አነሱና «ወርቄ፣ በምን ላይ አደረቅሽው?» ሲሉ ጠየቋት። እህቴ መዋሸት አልፈጠረባትም። «በቋንጣ ገመድ፣ አባቴ» አለቻቸው።

ቄስ ሞላ አልተቆጡም። ቁራጩን ቀስ አድርገው ካነሱበት መለሱትና ሄዱ። ግን ማን ያልሰማ አለ? ስብ ሲንጠባጠብበት የኖረ የፍስክ ገመድ ላይ የዋለ ነገር በሁዳዴ ማን አፉ ላይ ያደርጋል? ገበያው ሳይበተን «የወርቄ ቋንጣ» የሚል ስም ወጣለት። ማንጎው ሳይነካ ቤት ተመለሰ፤ ሴቶቹም አንገታቸውን ደፍተው ተለያዩ። ለፋሲካ ስሄድ ያንን ማንጎ በልቼዋለሁ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ የሚጣፍጥ ደረቅ ፍሬ አልቀመስኩም። እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስትገባ የሚቀበላት ሳቅ እንዳቆሰላት አውቃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ማንጎ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ግን ደወለች። «ሴቶቹን ለምኜ መልሻቸዋለሁ» አለችኝ። «ለመጪው ዓርብ ልንወጣ ነው። ዘንድሮም ካፈርኩ ይኼ ነገር በቃ፣ እኔም ቀና ብዬ አልሄድም። አንቺ አገር ለአገር ስትዞሪ ነው የምትውዪው፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያደርቅ አይተሽልኝ ነይ። ብቻ ገመድ እንዳትዪኝ!»

ሰኞ ከሰዓት፣ መካነ ኢየሱስ

መካነ ኢየሱስ በሰላም ገባን። ሰኞ ነው፤ ከቢሮና ከትምህርት ቤት የሚወጣው ሰው ዋናውን መንገድ ሞልቶታል። ባጃጆቹ በሰው መሐል እንደ ልባቸው ይሹለከለካሉ። የምፈልጋት መምህርት ሰላማዊት ናት፤ የባዮሎጂ መምህርት። ደብረ ታቦር አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት ያገናኘችን። ገና ከበሩ ሳታስገባኝ ወደ ጓሮ ይዛኝ ሄደች።

ጓሮዋ ውስጥ በአራት እግር የቆመ ጋደል ያለ የእንጨት ሳጥን አለ። ወለሉ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ከታችና ከላይ ነፋስ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ዝንብ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ተሸፍነዋል። መሐሉ ላይ በተዘረጋው መረብ የተቆረጠ ሙዝና ፓፓያ ተደርድሯል።

«ስልክ ላይ ቪዲዮ አይቼ ነው ያሠራሁት» አለችኝ። «መጀመሪያ ጊዜማ ‹ሙቀቱ እንዳያመልጥ› ብዬ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወተፍኳቸው። ማታ ስከፍተው ሙዙ አልቦት፣ ሸቶ፣ ጠላ ጠላ ይላል!»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ገባኝ። የሚያደርቀው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ይዞ የሚወጣ አየር ያስፈልጋል። ሎሚ ጭመቂበት፣ አይጠቁርም። ደግሞ ስስ አድርገሽ ቁረጪው።»

የሳጥኑ ደግነት ንጽሕናው ነው። አቧራ የለ፣ ዝንብ የለ፣ ድንገት ዝናብ ቢመጣ ሮጦ ማንሳት የለ። ችግሩ ደግሞ አናጺ፣ ፕላስቲክና ሽቦ ይፈልጋል፤ ዋጋቸው ዛሬ የሚቀመስ አይደለም። የሷም ፕላስቲክ በነፋስ ተቀዶ በፕላስተር ተጣብቋል። ከዚያ በላይ ግን ጊዜ የለም። እህቴ እስከ ዓርብ ሳጥን ከየት ታመጣለች?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሱፍ ፍትፍት አቀረበችልኝ፤ ቀጥላም የደረቀውን ሙዝ። ሙዙ ተለጥጦ ጥርስ ይይዛል፣ ግን ማር ነው። ደጋግሜ ስዘግን እጄን ያዘች።

«ቀስ በይ እንጂ! ውሃው ሄደ እንጂ ጣፋጩ እዚያው ነው ያለው። ጥቂት ነው የሚበላው፣ ውሃም ጠጪበት።»

እንግዳ እየጋበዘች የምትቆጣ ሴት እወዳለሁ። አልጋዋን ለቃልኝ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ አደረች፤ እምቢ ብል አልሰማችኝም። ጠዋት ደግሞ አንድ ፌስታል ሙዝና ፓፓያ አስይዛ «ወገዳ አጎቴ ጋ እደሪ፣ ዳቦ ቤት አለው፣ እሱም የሚያደርቀው ነገር አይጠፋም» ብላ ላከችኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰላሜ።

ማክሰኞ፣ ወገዳ፣ ስማዳ

የስማዳ መንገድ አቧራው ሌላ ነው። መስኮት ቢዘጉት በበሩ፣ በሩን ቢዘጉት ከወለሉ ይመጣል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ወገዳ ስንደርስ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀለም ነበርን፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን ሲያራግፉ የራሳቸው ልጅ አስነጠሰው።

ጋሽ ሲሳይ ዳቦ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ደግሞ ውሃ አቅርበው እጄንና ፊቴን አስታጠቡኝ። ሁለቱ በተጋቡ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ክርክራቸው ግን ገና የትናንት ሙሽሮች ያስመስላቸዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሁለቱም እኩል ተነሡ።

«የኔን ነው የምታይ!» አሉ ጋሽ ሲሳይ።

«ኧረ የኔን አስቀድሚ፣ የሱ የተቃጠለ ነው» አሉ እትዬ አንጓች።

የጋሽ ሲሳይ ዘዴ ምድጃው ነው። የጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ እሳቱ ሲበርድ፣ የቀረው ሙቀት እንዲሁ ይባክናል። እሳቸው የተቆረጠ ማንጎ በዳቦ ላሜራ ደርድረው ይከቱታል፤ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። የወጣው ነገር ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ልጆች ይወዱታል፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ምድጃው አንድ ቀን ይሞቃል፣ አንድ ቀን ይበርዳል። አንዱ ቁራጭ ከላይ ከርሮ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ሌላው ከሰል ሆኗል።

«እሱን ተዪው፣ እሱ ለናሙና ነው» አሉ ጋሽ ሲሳይ ከሰሉን ከእጄ እየነጠቁ።

የእትዬ አንጓች ደግሞ ጣራው ላይ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሰሌን አንጥፈው፣ እንደ በርበሬ ነው የሚያሰጡት። ፍጥነቱን የሚያህለው የለም። ጠዋት የተሰጣው እስከ ማታ ይጨማደዳል። አቧራው፣ ዝንቡና ወፉ ግን አብረው ይሰጣሉ። አንድ ቁራጭ ጎረስኩ። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፤ ከዚያ ምላሴ ነደደ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ትን አለኝ። ለካ ሰሌኑ የበርበሬው ሰሌን ነው!

ጋሽ ሲሳይ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። «አልነገርኩሽም? ማንጎ ብለሽ አዋዜ ትበያለሽ!»

«ምን አለበት፣ ለጉንፋን ይሆናል» አሉ እትዬ አንጓች ሳይደናገጡ። «እስኪ ንገሪን፣ የማናችን ይሻላል?»

እኔ ያደርኩበትን ቤት ባልና ሚስት የማጣላ ሰው አይደለሁም። «የሁለታችሁም ሸጋ ነው» አልኩ። ሁለቱም እኩል ተቀየሙኝ።

ራት ላይ የእህቴን ነገር አወራኋቸው። የገመዱን፣ የቄስ ሞላን ጥያቄ፣ «የወርቄ ቋንጣ» የሚለውን ስም። ጋሽ ሲሳይ ሊስቁ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ የሚስታቸውን ፊት አይተው ተዉት። እትዬ አንጓች ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ወጡ። ሲፈቱት ሰፌድ ነው፤ በቀለም ያሸበረቁ፣ እህል ያላዩ አዳዲስ ሰፌዶች፣ አንድ እቅፍ።

«ከፋሲካ በኋላ ለልጄ ሠርግ የሰፋኋቸው ናቸው» አሉኝ። «ሥጋ አልነካቸው፣ በርበሬ አልነካቸው። ውሰጅላት። ሰው ‹በምን ላይ?› ብሎ ሲጠይቃት የምትለው ታግኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ የሠርግ ዕቃ እንዴት እወስዳለሁ?»

«ሌላ እሰፋለሁ። እጄ አልተቆረጠ።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ይዘው አቀኑኝ። ብዙ ቦታ ሄጃለሁ፣ ብዙ ቤት አድሬያለሁ፤ የማያውቁት ሰው ኀፍረት እንዲህ ያሳዘነው ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ረቡዕና ሐሙስ፣ አርብ ገበያ

ከወገዳ ወደ አርብ ገበያ ሰፌዶቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። ረዳቱ «ጣራ ላይ ልጫናቸው» ሲለኝ እንደ ሕፃን ታቀፍኳቸው። እህቴ መንገድ ዳር ጠብቃኝ ኖሮ ገና ከመውረዴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከስታ አገኘኋት።

ቤት ስንገባ ሦስቱ ጎረቤቶቿ ተሰብስበዋል። ከረጢቴን ፈትቼ የሳጥኑን ሙዝ፣ የምድጃውን ማንጎ፣ የጣራውን ማንጎ ጎን ለጎን ደረደርኩ። አሁን ችግር መጣ። ገና ረፋድ ነው፤ ሴቶቹ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምንም አይቀምሱም። ስለዚህ ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ያጥፉታል፣ ሰብረው ድምፁን ይሰማሉ። የጣራውን ያሸተተችው ሴት አነጠሰች። የምድጃውን የሰበረችው «ይኼስ የሽማግሌ ጥርስ ይጥላል» አለች። እኔ ቁጭ ብዬ ሰዓት እቆጥራለሁ፤ ፊቴ ያለው ምግብ፣ ሆዴ ባዶ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የረዘመ ከሰዓት አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላና ቀመስን። ንጽሕናው የሳጥኑ፣ ቀጭ ማለቱ የምድጃው፣ ፍጥነቱ የጣራው ተመሰገነ። ግን የዓምናውን የሚያህል እንዳልሆነ ሁላችንም ልባችን ያውቃል። በመጨረሻ እኔው ደፈርኩ።

«እታለም፣ ልቆጣሽ አልፈለግሁም፣ ግን የዓምናው ይበልጣል።»

«ገመድ አትዪኝ ብዬሽ ነበር!» አለችኝ።

«ገመድ አላልኩም። ጥላና ነፋስ ነው ያልኩት። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ይከስላል፣ ምድጃም ያከረዋል። ያንቺ ጓዳ ያደረገው ቀስ ብሎ በነፋስ ማድረቅ ነው። የተበላሸው ገመዱ እንጂ ነፋሱ ምን አደረገ?»

ሰፌዶቹን ፈታሁላትና የእትዬ አንጓችን ቃል ነገርኳት። አንዱን አንሥታ በመዳፏ ዳበሰችው። «ለሠርግ የተሰፋ?» አለች። ነጠላዋን አደግድጋ ቢላዋ ፍለጋ ተነሣች።

ማንጎው ገና ጠንከር ያለ፣ ያልላላ ተመረጠ። ልጣጩ ተነሣ፣ በስሱ ተቆረጠ፣ እንደ ሰላማዊት ምክር ሎሚ ተጨመቀበት። ሰፌድ ላይ ሳይነካካ ተደረደረ፤ በላዩ አዲስ ነጭ ሻሽ ተወጠረ። አንደኛዋ ጎረቤት ሁሉንም ወደ ጓዳ ልታስገባ ስትል እህቴ ከለከለቻት።

«ጓዳ አይገባም» አለች። «ደጅ ይሁን። መንገደኛው ሁሉ ይየው።»

ከደጇ ጣራው ወጣ ብሎ ጥላ የሚጥልበት ቦታ አለ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በዚያ ነው የሚያልፈው። እንጨት አጋድመን ሰፌዶቹን በላዩ ደረደርናቸው። ነፋሱ ከዚህኛው ወገን ገብቶ በዚያኛው ይወጣል። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በተራ እየተቀመጥን ጠበቅን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ገለበጥን። የሚያልፈው ሰው ቀስ ይላል፤ አንገቱን ያሰግጋል።

«ወርቄ፣ ደግሞ ምን ልታበዪን ነው?» አለ አንዱ ከአጥር ወዲያ።

እህቴ ቀና ብላ «ማንጎ ነው፤ ግባና እየው» አለችው። አልገባም። ግን ሁለት ጊዜ ተመልሶ አለፈ።

ዓርብ፣ ገበያው

ገበያው ገና በማለዳ ሞላ። ከየቀበሌው በእግሩና በአህያ የመጣው ገበሬ ገብስ፣ ባቄላ፣ ጌሾ፣ ዶሮ ይዟል፤ ዶሮ ለፋሲካ ከአሁኑ ይገዛል። እህቴና ጎረቤቶቿ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ማንጎውን ከነሰፌዱ አስቀመጡ። በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ትንሹም አለ።

ሌላ ቦታ ቢሆን «ቅመሱልኝ» ይባል ነበር። በሁዳዴ ገበያ ግን ማን ይቀምሳል? ሰው በዓይኑና በእምነቱ ብቻ ነው የሚገዛው። መጡ፣ አዩ፣ ሰፌዱን አደነቁ፣ ሄዱ። አንዲት ሴትዮ እጇን ልትዘረጋ ስትል ጓደኛዋ ክርኗን ነካ አደረገቻት፤ እጇን መለሰች። እህቴ ይህን ሁሉ እያየች አንዴም ዓይኗን አልሰበረችም፤ ግን ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት ሲያፍተለትሉ አይቻለሁ። አጠገቧ ሆኜ ጸለይኩ። ለማንጎ ጸልዬ አላውቅም ነበር።

ረፋዱ ላይ ቄስ ሞላ መጡ። መስቀላቸውን ያልተሳለመ ሰው አላለፋቸውም። እኛ ፊት ቆሙና ሰፌዱን አዩ፣ ሻሹን አዩ፣ እህቴን አዩ። በዙሪያችን የነበረው የዋጋ ክርክር ረገበ።

«ወርቄ» አሉ፣ «በምን ላይ አደረቅሽው?»

«በአዲስ ሰፌድ፣ አባቴ። በደጄ፣ በጥላ፣ በነፋስ።»

ቄስ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጥቅሉ አንዱን አነሡ፣ ከፈሉ፣ የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት፣ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሰው መግዛት ጀመረ፤ ግን በፍርሃት፣ አንድ አንድ እያለ። ጎረቤቶቿ ፊታቸው በራ። እህቴ ግን ወደ ጎን ሳበችኝ።

«ቄስ ሞላ ወሰዱ እንጂ አልበሉም» አለችኝ በሹክሹክታ። «አዝነውልኝ ቢሆንስ? ሰው ፊት እንዳያሳፍሩኝ ብለው ቢሆንስ? ካልበሉት እንዳልበሉት ነገ ይሰማል።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ከሰዓት ንፋስ መውጫ ይሄዳሉ፤ ሰሞነኛ አይደሉም፣ የቅዳሴው ተራ የሌላ ነው፤ ልጃቸው ወልዳለች። አንቺም የምትሄጂው በዚያው መኪና ነው። አይተሽ ደውዪልኝ። ውሸት አትጨምሪበት።»

ዓርብ ከሰዓት፣ ወደ ንፋስ መውጫ

ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ያለው ወንበር ለቄስ ሞላ ተለቀቀ፤ ጎናቸው ያለችውን ደግሞ «ታማሚ ናት» ብዬ ስለራሴ መስክሬ ያዝኩ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ያለው ቋጠሮ ክንዴ ሥር ነው። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሜዳው ወደ ኋላ እየቀረ፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ጨዋታ ጀመርን። ስለ ልጃቸው አራስነት፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ ሁሉ አወሩልኝ። ስለ ማንጎ ግን ምንም።

እኔም ጭንቀት ሲይዘኝ ሆዴ ይርበኛል። እህቴ ለመንገድ ካስያዘችኝ ጥቅል አንድ ቁራጭ በነጠላዬ ተከልዬ አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁ። ቄስ ሞላ ወደ መንገዱ እያዩ «ልጄ፣ ያንቺ ሰዓት ትንሽ ይፈጥናል መሰለኝ» አሉ። ሾፌሩ ፈገግ አለ። ሳላኝክ ዋጥኩት።

ጥቂት እንደሄድን ሾፌሩን «ዘጠኝ ሰዓት ሞላ?» ብለው ጠየቁት።

«ሞልቷል፣ አባቴ።»

አማተቡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፣ ወረቀቱን ከፈቱ፣ ባረኩት። አንድ ቁራጭ አፋቸው ውስጥ ከተው ቀስ ብለው አኘኩ። ብዙ አኘኩት፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው። ዋጡና ሁለተኛውን አነሡ።

«የወርቄ እህት ነሽ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ዓምና ‹በምን ላይ አደረቅሽው?› ስላት ‹በቆርቆሮ ላይ› ብትለኝ ኖሮ በልቼላት ነበር። ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን ‹በቋንጣ ገመድ› አለችኝ። ገበያው ሁሉ እየሰማ። ዘንድሮ ‹በአዲስ ሰፌድ› ስትለኝ ሁለተኛ መጠየቅ አላስፈለገኝም።»

ወረቀቱን ወደ ኋላ አቀበሉ። «እንኩ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ የወርቄ ማንጎ ነው» አሉ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዲት እናት ለልጇ ቆርሳ አጎረሰች፤ ከኋላ ያለ ሽማግሌ «ይኼን የት ነው የሚሸጡት?» ብሎ ጮኸ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞርኩ፤ አልቅሼ ነበር፣ ልደብቀው አልችልም።

ንፋስ መውጫ ስንወርድ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ታገለኝ። ቄስ ሞላን ተሰናብቼ አንድ ሱቅ ጥግ ተጠግቼ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

«በሉ?»

«በሉ።»

«በዓይንሽ አይተሽ?»

«በዓይኔ አይቼ። ለመኪናው ሰው ሁሉ አደሉት።» ከዚያም ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

ቀጥሎ ስልኩን ከአፏ አርቃ ለጎረቤቶቿ ስትነግራቸው፣ እነሱም ሲያጨበጭቡ ሰማሁ። ስትመለስ ድምጿ ረግቷል።

«በይ ስሚኝ» አለችኝ። «የእትዬ አንጓችን ሰፌዶች ለሠርጉ እመልሳቸዋለሁ፣ አንዱም አይቀር። አንቺም አብረሽኝ ትመጪያለሽ።»

«እሳቸው እኮ ሌላ እሰፋለሁ ብለዋል።»

«ይስፉ። እነዚህን ግን እመልሳለሁ፤ ባዶአቸውን አይደለም።»